እየጸለየ ነው ብለን ጠበቅነው

በዚህ ነገር ውስጥ የነበሩትን ሰዎች አስቀድሜ ልጥራ። መጀመሪያ የበኩር ልጄ ጡሚሶ፤ ያን ጊዜ ካገባ ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ ነበር፤ ሚስቱ ያን ሰሞን ወላጆቿ ዘንድ ነበረች። ከዚያ እናቱ፣ ባለቤቴ ማርታ። አቶ ኤርሲዶ፣ ከአንጋጫ መጥተው ከእኛ ጋር የሰፈሩ፣ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ። ሎምባሞ፣ የጡሚሶ ጓደኛ፣ ጉልበቱ የበሬ፣ ድምፁ ግን የእንቁራሪት። ወይዘሮ አስካለ፣ ጎረቤታችን፣ የመንዝ ሰው፣ የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ሚስት፣ በማርያም የሚምሉ ኦርቶዶክስ። በመጨረሻ እኔ፣ ሐንዲሶ፣ የጡሚሶ አባት።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ በበጋ፣ ከሆሳዕና ወደ ፎንቆ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ሰፈራችን ነው። ዛሬም ድረስ በጸሎት መካከል ዝምታ ሲረዝምብኝ አንድ ዓይኔን እከፍታለሁ። የልጅ ልጆቼ አይተውኝ ይስቃሉ። ለምን እንደምከፍት ነግሬያቸው አላውቅም፤ አሁን ልጻፈው።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁት ካደግሁ በኋላ፣ ብቻዬን፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጣቴን እየጎተትሁ ነው። በድካም ያገኙትን ነገር በቀልድ ማየት አይቻልም። ስለዚህ በቤቴ ሕግ ነበር። ከምግብ በፊት ጸሎት፣ ማታ ምንባብ፣ እሑድ ከሁሉ ቀድሞ ጸሎት ቤት መድረስ። ልጆቼ ይፈሩኝ ነበር፤ እኔም ይህን እንደ ጥሩ ነገር እቆጥረው ነበር።

ጡሚሶ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ወጣው። ሲያርስ ይዘምራል፣ እንጨት ሲፈልጥ ይዘምራል፣ ከለቅሶ ሲመለስ እንኳ መንገድ ላይ ይዘምራል። "ደስታም ልክ አለው፤ እምነት ጭፈራ አይደለም" እለው ነበር። "እሺ አባዬ" ይላል። ከአጥሩ ዞር ሲል እንደገና ይጀምራል።

በዚያ በጋ በጸሎት ቤታችን ግቢ የውኃ ጉድጓድ ለመቆፈር ተነሣን። ሴቶቻችን ውኃ የሚቀዱበት ወንዝ በበጋ ከብት የሚረግጠው ጭቃ ይሆናል፤ የሚጠጡት ልጆችም በሆድ በሽታ ይሠቃያሉ። ውኃው ሲወጣ የእኛም የጎረቤቶቻችንም እንዲሆን ተስማማን። ወይዘሮ አስካለ ይህን ሲሰሙ፣ "የሚሲዮን ውኃ ጠጥቼ እንደ ልጃችሁ ቀኑን ሙሉ ስጮህ ብውልስ?" ብለው ሳቁብን። ቢስቁም ለቆፋሪዎቹ ቆሎ ይልኩ ነበር።

የሚቆፍሩት ጡሚሶና ሎምባሞ እየተፈራረቁ ነው። በጉድጓዱ አፍ ላይ ሁለት ባላ ተክለን፣ አግዳሚ እንጨት አጋድመን፣ በእሱ ላይ ገመድ ጠምጥመን አፈሩን በባልዲ እናወጣለን። ጉድጓዱ እየጠለቀ ሲሄድ ታች ያለው ሰው አይታይም። ስለዚህ አንድ ሥርዓት አወጣን። ቆፋሪው ይዘምራል፣ ከላይ ያለነው አዝማቹን እንቀበላለን። መዝሙሩ ካለ ሰውየው ደኅና ነው ማለት ነው። በሎምባሞ ተራ ሁላችንም ቶሎ ቶሎ ባልዲ እንጎትት ነበር፤ ድምፁን ለማሳጠር። የጡሚሶ ተራ ሲሆን ግን ሴቶቹ ሥራቸውን ይዘው ወደ ጉድጓዱ ዳር ይመጡ ነበር።

አሁን ስለ ጸሎት ቤታችን አንድ ልማድ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ በእሱ ላይ ነው የቆመው። በእኛ ዘንድ አንድ ሰው እየዘመረ በመሃል ዝም ካለ ልቡ ተነክቶ ወደ ጸሎት ገብቷል ይባላል። ያኔ ሁሉም ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሰውየው "አሜን" እስኪል ድረስ ይጠብቃል። በመካከል ማሳል እንኳ ነውር ነው። ጥሩ ልማድ ነው፤ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ። ለጉድጓድ ግን አይሆንም።

ጉድጓዱ ከሦስት ሰው ቁመት ካለፈ በኋላ አንጋጫ ላይ የአቶ ኤርሲዶ ወንድም ሞተና ሁላችንም ለቅሶ ሄድን። ከብት እንዳይገባበት የጉድጓዱን አፍ በግንድ ረብርበን በኮባ ሸፈንነው። ከቀናት በኋላ ተመልሰን ስንከፍተው ከኮባው የሚበዛው ወደ ውስጥ ወድቆ በስብሷል። ጡሚሶ አጎንብሶ አሸተተና፣ "የእማዬ ቆጮ ደርሷል፤ ጎመን አምጡ!" አለ። እናቱ በእንጨት ጀርባውን መታችው። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ በግድግዳው ላይ በተቆፈሩት መርገጫዎች እየተንጠላጠለ ወረደ።

እንደ ልማዱ መዘመር ጀመረ። አንድ ባልዲ የበሰበሰ ኮባ አወጣን፣ ከዚያ ሌላ። ድምፁ እያጠረ ሲሄድ ተሰምቶኛል፤ በየመሃሉ ትንፋሽ ይወስዳል። ደክሞት ነው አልሁ። ከዚያም በአንድ ስንኝ መካከል ዝም አለ።

አቶ ኤርሲዶ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ልቡ ተነካ" አሉ ቀስ ብለው። "እየጸለየ ነው።"

ሎምባሞ ገመዱን በእጁ እንደያዘ ተንበረከከ። ሴቶቹም ሥራቸውን አስቀመጡ። እኔም ዓይኔን ጨፈንሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝን አልደብቅም፤ ደስ አለኝ። ልጄ ጨዋታውን ትቶ እንደ ሰው በዝምታ መጸለይ ጀመረ ብዬ በልቤ አመሰገንሁ። አንዲት ዶሮ መጥታ በተቆለለው አፈር ላይ ስትጭር ይሰማኛል፤ ማንም አላባረራትም። "አሜን" የሚለውን ከታች እንጠብቃለን።

የሰማነው የወይዘሮ አስካለን ድምፅ ነበር።

"እናንተ ሰዎች! ዛሬ ደግሞ ለጉድጓድ መስገድ ጀመራችሁ?"

አቶ ኤርሲዶ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጣታቸውን በከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ምን ሆናችሁ ነው? ያ ጆሮዬን ያደነቆረው ልጅ የት ሄደ? ቤቴ ሆኜ ዝም ሲልብኝ ግራ ገባኝና መጣሁ።"

"ታች ነው" አልሁ በሹክሹክታ። "እየጸለየ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ወይዘሮ አስካለ ወደ ጉድጓዱ አፍ ቀርበው አጎነበሱ፤ ሽታው ሲመታቸው በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ።

"ጡሚሶ! አንተ ጡሚሶ!"

መልስ የለም። ጸሎቱን አቋረጡበት ብዬ ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ሰው በስሙ ሲጠራ ቢጸልይም ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ጠጠር እንኳ ከእግሩ ሥር ይወድቃል። ከታች ምንም አልተሰማም። በዚያች ቅጽበት ነገሩ ገባኝ።

ሎምባሞ ገመዱን ጥሎ ወደ መርገጫው ተወረወረ። ወይዘሮ አስካለ በሸሚዙ ኮሌታ ያዙት፤ ሸሚዙ እስከ ወገቡ ተቀደደ፣ እሳቸው ግን አልለቀቁም።

"በማርያም ይዤሃለሁ! ትሞታለህ! በአገሬ አጎቴ እህል ሊያወጣ ጉድጓድ ገባ፤ ልጁ አባቴን ላውጣ ብሎ ተከተለው። ሁለቱንም ባንድ ቀን ቀበርን። አየሩ ነው የሚገድለው!"

አቶ ኤርሲዶ ለዓመታት የለመደ አፋቸው ቀደማቸው። "በእግዚአብሔር ስም ይበሉ እንጂ" አሉ።

"መጀመሪያ ልጁን አውጡ፣ ከዚያ ትገሥጹኛላችሁ! ፋኖስ አላችሁ? ፋኖስ አምጡ!"

ፋኖሱን ከጸሎት ቤቱ አምጥተን፣ ለኩሰን፣ በገመድ አወረድነው። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ እሳቱ ቀጭን ሆነ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠፋ። ማንም የነፈሰበት ሳይኖር የጠፋውን እሳት አየሁት። ልጄ ከዚያ በታች ነው።

እኔ ለብዙ ዓመት በጸሎት ቤት ቆሜ "አትፍሩ" እያልሁ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። የሰው ልጅ ሲሞት ወላጁን "ጌታ ሰጠ፣ ጌታ ነሣ" ብዬ ያጽናናሁ ነኝ። ያን ቀን ግን ወደ ጉድጓዱ ልዘልል ስል ሁለት ሰዎች በመሬት ላይ ጥለው ያዙኝ። ልጸልይ ብዬ አፌን ከፈትሁ። የሌላውን ሰው ጸሎት ረዘመ፣ አጠረ፣ ቃሉ አልተስተካከለም እያልሁ የማርም ሰው አንድ ቃል አጣሁ። ከአፌ የወጣው "ልጄ፣ ልጄ" ብቻ ነው። ጸሎት ይሁን ጩኸት እስከ ዛሬ አላውቅም።

"ቅጠል!" አሉ ወይዘሮ አስካለ። "ብዙ ቅጠል በገመድ እሰሩና እያወጣችሁ እያወረዳችሁ አየሩን ናጡት! አትቁሙ!"

ማርታ ወደ ጓሯችን ሮጠች፤ ጓሯችን ከግቢው አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ስትመለስ ሌሎቹ ሴቶች ተከትለዋት የእንሰቷን ኮባ ሁሉ ጨፍጭፈው ተሸክመዋል። ትልቅ ነዶ አድርገን አሰርነውና ወደ ጉድጓዱ ለቀቅነው። እናወርዳለን፣ እንመነጭቃለን፤ እናወርዳለን፣ እንመነጭቃለን። ኮባው እየተተለተለ ግድግዳውን ሲመታ እንደ ዝናብ ይጮኻል። የአቶ ኤርሲዶ እጅ ለገመድ ያልለመደ ነበር፤ ቆዳው ሲላጥ አየሁ፣ እሳቸው ግን ያዩት አይመስለኝም።

እጃችን አይገጥምም ነበር። አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል፤ ነዶው መሃል ላይ ይንጠለጠላል። ያን ጊዜ ማርታ መዘመር ጀመረች። ልጇ ካቆመበት ስንኝ ላይ አንሥታ ነው የቀጠለችው።

አእምሮዋን የሳተች መሰለኝ። "ዝም በይ! ልጅሽ እየሞተ ትዘፍኛለሽ?" ብዬ ጮኽሁባት።

"የጡሚሶ አባት፣ ገመዱን ሳብ" አለችኝ። "እኔ የምችለው ይህን ነው። ልቤ ሊወጣ ነው፣ ግን ገመዱ እጃችንን የሚያገጥም ምት ይፈልጋል። ሳብ!"

እንባዋ በአፏ ውስጥ እየገባ ትዘምራለች። ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሏት። ከዚያ እጃችን ገጠመ፤ በመዝሙሩ እንስባለን፣ በመዝሙሩ እንለቃለን። ፍርሃቴ ቀለለ አልልም። ፍርሃቱ እንዳለ ነው፤ ግን በውስጡ እጄ ሥራ ይሠራ ነበር፣ አፌም ሳላውቀው አዝማቹን ይቀበል ነበር። መታመን ምን እንደሆነ ከማንበብ በሌላ መንገድ የተማርሁት በዚያች ሰዓት ነው። እኔ መታመን ማለት አለመፍራት ይመስለኝ ነበር። ማርታ ከእኔ ይልቅ ትፈራ ነበር፤ ከእኔ ይልቅም ታምን ነበር።

ፋኖሱን እንደገና አወረድነው፤ ከፊተኛው ዝቅ ብሎ ጠፋ። እንደገና ናጥን። በመጨረሻ ፋኖሱ እየተርገበገበ እስከ ታች ደረሰና ሳይጠፋ ቀረ። በብርሃኑ የጡሚሶን ትከሻ አየን። ሊወጣ ሞክሮ ኖሮ ከመርገጫዎቹ በአንዱ ላይ እግሩን አንሥቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። አይንቀሳቀስም።

ሎምባሞ ገመዱን በደረቱ አሰረ። ወይዘሮ አስካለ ጣታቸውን አፍንጫው ላይ ደቀኑ።

"እየዘመርህ ውረድ! ዝም ካልህ እንጎትትሃለን።"

"እኔ ድምፅ የለኝም፣ እማማ።"

"ድምፅህን ማን ጠየቀህ? ዘምር! የእናንተንም ቢሆን ዘምር!"

ሎምባሞ ወረደ። ያንን የእንቁራሪት ድምፅ እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም። እየተንቀጠቀጠ፣ ቃሉን እያሳሳተ፣ ግን ሳያቋርጥ ወረደ። ጡሚሶ ዘንድ ሲደርስ ገመዱን ከራሱ ፈትቶ በእሱ ብብት ሥር አሰረና "ሳቡ!" ብሎ ጮኸ። ያለን አንድ ገመድ ነው። አሁን ሎምባሞ ያለ ገመድ ታች ቀረ። ለአንድ ልጅ ስፈራ የነበርሁ ለሁለት መፍራት ጀመርሁ፤ የሎምባሞ እናት ከእኔ አጠገብ ገመዱን ይዛ ነበርና ፊቷን ማየት አልቻልሁም።

ሳብነው። ሲወጣ ትከሻው ድንጋይ ላይ ተመታ፤ ሲሰበር ድምፁ ተሰማን። እሱ ግን አልጮኸም፤ ያ አለመጮኹ ከሁሉ ይልቅ አስፈራኝ። በአፈሩ ላይ አስተኛነው። ፊቱ አመድ ሆኗል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ከታች የሎምባሞ ዝማሬ እየቀጠነ ነው። ገመዱን ፈትተን መልሰን ጣልንለት፤ ያዘው፤ በአቶ ኤርሲዶ እጅ ደም ገመዱ እያሙለጨለጨ ጎተትነው። ወጥቶ በእጁና በጉልበቱ ቆሞ እንደ ውሻ አለከለከ።

ማርታ የጡሚሶን ራስ በጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ታራግብለታለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ደረቱን አያለሁ። አይነሣም። አይነሣም። ከዚያ ተነሣ። ሳለ፤ አስመለሰው፤ ዓይኑን ገለጠ። ሁላችንንም በየተራ አየን። ሊናገር ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ሁላችንም ጎንበስ አልን፤ የሚናገረው ታላቅ ነገር መስሎን።

"ዶማዬስ?" አለ።

"ዶማህን ጅብ ይብላው!" አለ ሎምባሞ ከተንበረከከበት።

እኔ ሳቅሁ። በሰው ፊት እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ እያለቀስሁ ነው የሳቅሁት። ማርታም ሳቀች፣ ወይዘሮ አስካለም መሬት ላይ ዘፍ ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ያ ደስታ ልክ አልነበረውም፤ በልኩ ይሁን የሚልም አልተገኘም።

አቶ ኤርሲዶ በተላጠው እጃቸው ባርኔጣቸውን ይዘው የምስጋና ጸሎት አደረጉ። አጭር ነበር። ከሁላችንም መካከል ዓይኑን የጨፈነ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ጡሚሶን እናያለን። ወይዘሮ አስካለ አማተቡ። "አሜን" ያልነው አብረን ነው።

አሁን እኔ አርጅቻለሁ። ጸሎት ቤት ስቆም "አትፍሩ" ማለትን ትቻለሁ። "ፍሩ፣ ገመዱን ግን አትልቀቁ" እላለሁ። አንዳንድ የተማሩ ልጆች ይህ ትምህርት ልክ አይደለም ይሉኛል። እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው። ፍርሃቱም ከእኔ አልወጣም፤ ልጄ ሲዘምር ቆይቶ ውኃ ለመጠጣት ዝም ቢል እንኳ ሥራዬን አቋርጬ እጠብቃለሁ። እንደገና ሲጀምር እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ብዙ ጊዜ ያለ ቃል። ይህ ከጸለይኋቸው ጸሎቶች ሁሉ ይበልጥ የእኔ ጸሎት ሆኗል። ደስታ የምለውም አሁን ይህንኑ ነው።

ስንት አስከፈለን ብትሉ ልንገራችሁ። ወጌሻው የጡሚሶን ትከሻ ቢመልሰውም ቀኝ እጁ ከራሱ በላይ አይነሣም፤ ማረሻ የሚይዝለት ታናሽ ወንድሙ ነው። የአቶ ኤርሲዶ መዳፍ ድኗል፤ ሁለት ጣቶቻቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ አልታጠፉም። ሎምባሞ የተቀደደ ሸሚዙን ከፈለ፤ በዝማሬውም ዕድሜ ልኩን ተቀለደበት። የማርታ እንሰት ኮባው ተገፎ ስለ ቀረ በሚቀጥለው ዓመት የተፋቀው ቆጮ ቀጭን ነበር፣ ቤታችንም በጎመን ኖረ። ወይዘሮ አስካለ ከሚሲዮኖች ጋር አብረው አሜን ብለዋል ተብለው ከንስሐ አባታቸው ስግደት ታዘዘባቸው፤ ወገባቸው እያመማቸው ሰገዱ፣ ለማንም ግን አላማረሩም። ገመዱ ተበጥሶ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ጉድጓዱን መልሰን በድንጋይ ሞላነው፤ የአንድ በጋ የሰፈር ድካም እዚያው ተቀበረ፣ ሴቶቻችንም ያን ዓመት ወደዚያ ጭቃ ወንዝ ተመለሱ።

ድምሩ ይህ ነው። የሞተ ሰው ግን የለበትም።